ከሰንጠረዥ ወደ ሰንጠረዥ፦ በ924 ባይት የተጻፈው የቼዝ ፕሮግራም

ጉዳዩን ለምን መረጥኩት

በአማርኛ ሰንጠረዥ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ በየመኳንንቱ ግቢ ይጫወቱት የነበረው የጥንቱ ቼዝ ነው። ሌላው ቢሮ ውስጥ በኤክሴል የምንሠራው፣ ረድፍና ዓምድ ያለው ነው። ይህ ጉዳይ ከአንደኛው ሰንጠረዥ ይነሳና ሁለተኛው ላይ ይደርሳል። መሃል ላይ አንድ ሰው፣ አንዲት የ245 ዶላር ቦርድ እና 924 ባይት አሉ።

እንድጽፈው ያነሳሳኝ ከጀማሪ ፕሮግራመሮች የምሰማው ነገር ነው። "ላፕቶፔ አይችልም"፣ "ራሙ አይበቃም"፣ "የተሻለ ማሽን ሳገኝ እጀምራለሁ" ይሉኛል። ችግራቸው የእውነት ነው። የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም መልስ አጥቼ ዝም ያልኩበት ጊዜ አለ። አሁን ግን በጣም ትንሽ ማሽን ላይ የሠራ ሰው ምን ምን እንዳደረገ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። "ጎበዝ ነበር" ብሎ ማለፍ ማንንም አያስተምርም። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ ገባ ብዬ፣ ቦታውን ከየት እንዳተረፈው ጭምር እጽፋለሁ።

የሰዎቹ ስም የታወቀ ነው። እዚህ ግን በሥራቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ 1976 እና ኪም-1

ቼዝ የሚጫወት ኮምፒውተር በ1976 አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ክላውድ ሻነን ማሽን እንዴት ቼዝ ሊጫወት እንደሚችል የሚያሳየውን ጽሑፉን ያወጣው በ1950 ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞቹ እየበረቱ ሄዱ። በ1974 ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያው የኮምፒውተሮች የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። የሶቪየቱ ካይሳ አሸነፈ። ግን እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ክፍል በሚሞሉ፣ ዩኒቨርሲቲና ትልልቅ ድርጅት ብቻ በሚገዛቸው ማሽኖች ላይ ነበር። ተራ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከኮምፒውተር ጋር ልጫወት ቢል መንገድ አልነበረውም።

ፍላጎቱ ግን ነበር። በ1972 ፊሸርና ስፓስኪ ሬይክያቪክ ላይ ካደረጉት ግጥሚያ በኋላ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ቼዝ መማር የሚፈልገው ሰው በጣም ጨምሮ ነበር።

በ1975 ኤምኦኤስ ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ 6502 የሚባለውን ፕሮሰሰር በ25 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ተፎካካሪዎቹ የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠይቁ ነበር። ቺፑን ለኢንጂነሮች ለማስተዋወቅ ደግሞ ኪም-1 የተባለች ቦርድ ሠራ። በ245 ዶላር ትሸጥ ጀመር። ቦርዷ ሳጥን የላትም። ስክሪንም ሆነ ኪቦርድ የላትም። ያሏት እንደ ካልኩሌተር ያሉ 23 ቁልፎችና ስድስት ቀይ አኃዝ የሚበራባት ማሳያ ናቸው። የኤሌክትሪክ ኃይል መስጫውን ገዢው ራሱ ፈልጎ ያገናኛል። ፕሮሰሰሯ በ1 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ራሟ በጠቅላላው 1,152 ባይት ነው።

1,152 ባይት ስንት ነው? ዛሬ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት የተለመደ ደንብ፣ ሲቀመጥ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የኪም-1 ራም ጢም ብሎ ቢሞላ የሚይዘው 384 ፊደል ነው። "ዳራ" ያልኩት ይህ ክፍል ብቻውን አይገባባትም።

ችግሩ

ባለታሪካችን ቶሮንቶ፣ ካናዳ የሚኖር፣ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው። ኪም-1ን ገዛ። ከዚያ ለራሱ አንድ ጥብቅ ደንብ አወጣ። ቦርዷ ላይ ምንም ተጨማሪ ሚሞሪ ሳይጨመር፣ ከሱቅ እንደወጣች ቼዝ መጫወት አለባት።

ይህ ደንብ የጉዳዩ ቁልፍ ነው ብዬ አስባለሁ። ተጨማሪ ሚሞሪ መግዛት ይቻል ነበር። ያኔ ፕሮግራሙ የተሻለ ይጫወት ነበር። ግን የሚጫወተው በእሱ ማሽን ላይ ብቻ ይሆናል። ኪም-1 የገዛው ሌላው ሰው እጁ ላይ ያለችው ባዶዋ ቦርድ ናት። ሰውየው ያሰበው ለዚያ ሰው ነው።

እንግዲህ በ1,152 ባይት ውስጥ ምን ምን መግባት ነበረበት? የሰሌዳው ሁኔታ መቀመጥ አለበት። እያንዳንዱ ጠጠር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መታወቅ አለበት። ማሽኑ ወደፊት ጥቂት እርምጃ ማሰብ አለበት። ካሰባቸው ውስጥ የትኛው እንደሚሻል መመዘን አለበት። ከሰው እርምጃ መቀበልና የራሱን ማሳየት አለበት። ፕሮሰሰሩ ራሱም እየሠራ መለስ የሚልባቸውን አድራሻዎች የሚያኖርበት ቦታ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በእኛ በጥንቱ ሰንጠረዥ ጨዋታው በወረራ ይጀመር ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ኪም-1 ወረራ ብትጫወት ገና ስታስብ ሰሌዳው ተገለባብጦ ይጠብቃት ነበር። የዘመናዊው ቼዝ ተራ መጠበቅ ለዘገምተኛ ማሽን ትልቅ እፎይታ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ውሳኔ ሰሌዳውን የሚመለከት ነው። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው 64 ካሬ ስላለ 64 ባይት ይያዝ ብሎ ነው። እሱ ሰሌዳውን ጭራሽ አልያዘም። የያዘው የጠጠሮቹን ዝርዝር ነው። ለኮምፒውተሩ 16 ባይት፣ ለተጫዋቹ 16 ባይት። እያንዳንዱ ባይት "ይህ ጠጠር የት ነው ያለው?" ለሚለው መልስ ነው። በ32 ባይት አለቀ።

ሁለተኛው በጣም የምወደው ነው። ማንኛውም የቼዝ ፕሮግራም አንድ አሰልቺ ጥያቄ ሺህ ጊዜ ይጠይቃል። "ይህ ጠጠር ከሰሌዳው ወጣ ወይስ አልወጣም?" ሰውየው ለየካሬው ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ሰጠ። አንዱ አኃዝ ረድፉ፣ ሌላው ዓምዱ። ሁለቱም ከ0 እስከ 7። አንድ ባይት ለሁለት ሲከፈል ግን እያንዳንዱ ግማሽ ከ0 እስከ 15 መያዝ ይችላል። ስለዚህ በየግማሹ አንዲት ቢት (0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ የባይት ስምንተኛ) ትርፍ ናት። ጠጠሩ ሰሌዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ያቺ ቢት ሁልጊዜ 0 ነች። በቀኝ በኩል ከወጣ ዓምዱ 8 ይሆንና ትበራለች፤ ማለትም 1 ትሆናለች። በግራ ከወጣ ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ግማሹ 15 ይሆናል። አሁንም ትበራለች። ወደ ላይም ወደ ታችም እንደዚያው። ፈረስ ዘሎ ቢወጣም አያመልጥም። ስለዚህ ሁለቱን ትርፍ ቢቶች በአንድ ትእዛዝ ማየት ብቻ ይበቃል። የተፈቀዱ ካሬዎች ዝርዝር መያዝ የለ፣ አራት ጊዜ ማነጻጸር የለ። ይህ ዘዴ በኋላ በብዙ የቼዝ ፕሮግራሞች ውስጥ የተለመደ ሆኗል።

ሦስተኛው፣ ቦርዷ ራሷ ይዛው የመጣችውን መጠቀም ነው። ኪም-1 ከማይጠፋው ሚሞሪዋ ውስጥ ቁልፍ የሚያነቡና ማሳያውን የሚያበሩ አጫጭር ፕሮግራሞች ነበሯት። እነሱን እንደገና አልጻፈም። ጠራቸው ብቻ። ኮዱንም በአንድ ቦታ ብቻ አላስቀመጠውም። ሌሎች ቺፖች ውስጥ የተረፈችው ጥቂት ራም እንኳ አልቀረችም። እርምጃ የሚመዝነው ክፍል የተቀመጠው እዚያ ነው። እናቶቻችን ከዱቄቱ ጆንያ ጥግ የቀረውን እንደሚያራግፉት ነው።

ወደፊት ማሰብስ? ማሽኑ እያንዳንዱን የራሱን እርምጃ ይሞክራል። የተቃራኒውን መልስ ያያል። መበላላት ካለ ደግሞ ማን ከማን እንደሚያተርፍ ለጥቂት እርምጃ ይከተላል። የሰሌዳውን ቅጂ እያባዛ አያስቀምጥም። ያደረገውን ይመዘግባል፣ ሲጨርስ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ከዚያ ይመዝናል። ስንት እርምጃ ነፃ አለኝ? ምን ያህል ልበላ እችላለሁ? እሱስ ምን ሊበላኝ ይችላል? ንግሥት ስትንቀሳቀስ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። መሃል ሰሌዳው አካባቢ ወዳሉ አራት ካሬዎች የሚሄድ ጠጠር 2 ነጥብ ይጨመርለታል። ከመጀመሪያው ረድፍ የሚወጣም እንዲሁ። ንጉሡ ግን ይህ ጉርሻ የለውም። ከቤቱ እንዲወጣ አይፈለግማ። ቼዝ የሚያስተምር ሰው በመጀመሪያው ቀን "መሃሉን ያዝ፣ ጠጠሮችህን አውጣ፣ ንጉሥህን ጠብቅ" ይላል። ያ ምክር እዚህ ጥቂት ትእዛዝ ሆኖ ተቀምጧል።

የመክፈቻ እርምጃዎችንም አልረሳም። በአንድ ጊዜ አንድ መክፈቻ ብቻ ይገባል። ሩይ ሎፔዝ ወይም የፈረንሳይ መከላከያ ከፈለጉ ያንኑ ቦታ በሌላው መተካት ነው። 28 ባይት ይበቃዋል።

ሙሉው ፕሮግራም 924 ባይት ሆነ። በግዕዝ ፊደል ብናስበው 308 ፊደል ማለት ነው። ስሙን ማይክሮቼስ አለው። የመጀመሪያው ቅጂ ለገዢ የተላከው ታኅሣሥ 18 ቀን 1976 ነው።

የሠራው

ማሽኗ ተጫወተች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተጫዋቹ ሲ የሚለውን ቁልፍ ሲነካ ጠጠሮቹ ይደረደራሉ፣ ስድስቱም አኃዝ ላይ ሲ ይበራል። እርምጃውን በቁጥር ያስገባል፣ ኤፍን ይነካል። ፒሲ የሚለውን ሲነካ ማሽኗ ታስባለች። ከዚያ በሦስት ጥንድ ቁጥር ትመልሳለች፦ የትኛው ጠጠር፣ ከየት፣ ወደ የት። እውነተኛው ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሰውየው በእጁ ያንቀሳቅሳል።

ፍጥነቱም ይመረጣል። በአንድ እርምጃ 3 ሰከንድ ገደማ፣ 10 ሰከንድ ገደማ ወይም 100 ሰከንድ ገደማ። ለመቀየር ሁለት ባይት መለወጥ ነው። ሌላ ሜኑ የለም።

አሻሻጡም ሠራ። ዋጋው 10 ዶላር ነበር። ለኪም-1 ባለቤቶች በሚታተም ትንሽ መጽሔት ላይ ተዋወቀ። ገዢው የአጨዋወት መመሪያና ሙሉው ኮድ ከነማብራሪያው ይደርሰዋል። ከዚያ ባይቶቹን አንድ በአንድ በእጁ ይመታል። ጨርሶ ካሴት ላይ ካላስቀመጠው መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ይህ ሁሉ ልፋት እያለ ሰው ገዛው።

አንድ ቀን ቦርዷን የሠራው ኩባንያ ኃላፊ ደወለለት። የፕሮግራሙን ሙሉ መብት በ1,000 ዶላር ልግዛህ አለው። በ10 ዶላር ሂሳብ የመቶ ቅጂ ዋጋ ነው። እምቢ አለ። እሱ ራሱ ቢሸጠው የተሻለ እንደሚያገኝ አምኖ ነበር። በዚያ ሰዓት ብዙዎቻችን "እሺ" እንል ነበር ብዬ አስባለሁ። ከትልቅ ኩባንያ የመጣ ጥሬ ገንዘብ ቀላል ፈተና አይደለም።

ያልሠራው

ድክመቱን ሳልጽፍ ባልፍ ጥናቱ ይጎድላል። ማይክሮቼስ ደካማ ተጫዋች ነበር። ትንሽ የለመደ ሰው ያሸንፈው ነበር። በ1977 የዓለም ሻምፒዮናው እዚያው ቶሮንቶ ላይ ሲካሄድ ቼስ 4.6 የተባለው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም አሸነፈ። እሱ የሚሠራው በግዙፍ ማሽን ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው።

ሕጎችም ጎድለውታል። ንጉሥና ግንብ ቦታ የሚለዋወጡበትን ካስሊንግ በራሱ አይሠራም። የወታደርን ልዩ አበላል አያውቅም። ወታደር ዳር ደርሶ ንግሥት ሲሆን ተጫዋቹ በእጁ ማስተካከል አለበት። የተጫዋቹ እርምጃ ሕጋዊ መሆኑንም አያጣራም። ፈረስን እንደ ንግሥት ብትነዳው ዝም ይላል። ለማጣራት ቦታ አልነበረውማ።

ደግሞም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዕጣ የሚያወጣበት ነገር የለውም። አንዴ ያሸነፈው ሰው ያንኑ እርምጃ ቢደግም ያንኑ ድል ያገኛል። ለአዲስ ገዢ ይህ ችግር አይታይም። ሳምንት ለተጫወተ ግን ይሰለቻል።

ተፎካካሪም መጣ። መጋቢት 1978 ሳን ሆዜ ውስጥ የማይክሮኮምፒውተሮች የቼዝ ውድድር ሲደረግ ያሸነፈው ሳርጎን የተባለው የባልና ሚስት ሥራ ነው። ጥሩ ተጫዋች የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ሄደ።

ሰውየው ዝም ብሎ አልጠበቀም። ከቦስተን አካባቢ ሶፍትዌር ማሳተም ከጀመረ ሰው ጋር ሸሪክ ሆነ። በ1977 ስክሪንና ኪቦርድ ያላቸው ማሽኖች ወጥተው ነበር፦ ኮሞዶር ፔት፣ ቲአርኤስ-80 እና አፕል ሁለት። ለእነሱ ፕሮግራሙን አስፍቶ ጻፈው። ሰሌዳውም በስክሪን ላይ ታየ። ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ሆነ። ከ50,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ። ለማይክሮኮምፒውተር ከተጻፉ ፕሮግራሞች እዚህ ቁጥር ላይ የደረሰ የመጀመሪያው እሱ ነው። ኮሞዶር ደግሞ ኤምኦኤስን በ1976 ገዝቶ ነበር። በ1978 ቼስሜት የተባለ ለብቻው የሚጫወት መሣሪያ ሲያወጣ ውስጡ ያስገባው ይህንኑ ማይክሮቼስ ነው። መብቱ በ1,000 ዶላር ሄዶ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ነገር አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው ሰንጠረዥ

በ1978 ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ተማሪ አንድ ሐሳብ ነበረው። አንድ ቁጥር ሲቀየር ቀሪው በሙሉ ራሱን የሚያስተካክል የሂሳብ ሰንጠረዥ በኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ፈለገ። የማይክሮቼስ አሳታሚዎች አፕል ሁለት አዋሱት። ጓደኛው ኮዱን በሌሊት እየጻፈ ሠራው፤ የሚከራዩት የኮምፒውተር ጊዜ በሌሊት ይረክሳልና። ለሥራው ከአሳታሚዎቹ የወጣው ገንዘብ ከማይክሮቼስ ሽያጭ የመጣ ነበር። የቼዙ ደራሲም በምርቱ ዝግጅት ተሳትፏል።

ቪዚካልክ ተባለ። በ1979 በ100 ዶላር ገደማ ገበያ ላይ ዋለ። ቪዚካልክን ለመጠቀም ብቻ አፕል ሁለት የገዛ ነጋዴ ብዙ ነው። ዛሬ የሂሳብ ሠራተኞቻችን የሚከፍቱት ኤክሴል የቪዚካልክ ዘር ነው።

ይህም ክፍል ሙሉ በሙሉ በድል አላለቀም። ጸሐፊዎቹና አሳታሚው ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ነበሩ። ውሉ ከሽያጩ 37.5 በመቶ ለጸሐፊዎቹ ይሰጣል። ምርቱ ሲያድግ ውሉ ማጨቃጨቅ ጀመረ። በ1983 ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያው ዓመት ሎተስ 1-2-3 ወጣና ገበያውን ወሰደ። በ1984 ታረቁ፣ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ሚሞሪ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "እንዴት ላሳጥረው?" ነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት "ምን ይቅር?" ብሎ ጠይቋል። ካስሊንግን የተወው ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ያለሱም ሰው ጨዋታውን ሊጫወት ስለሚችል ነው። ማሰብ ግን ሊቀር አይችልም። የማያስብ የቼዝ ፕሮግራም ማንም አይገዛም። በሞባይል አፕ ሥራ ላይ ያላችሁ ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ደንበኛው ስልክ ላይ የማይከፈት አፕ ስንት ነገር ቢችል ዋጋ የለውም።

መረጃው እንዴት እንደሚቀመጥ በደንብ ከታሰበበት ኮዱ ራሱ ያጥራል። የትርፍ ቢቶቹ ነገር ይህንን ያሳያል። ቁጥሩን ባለ ሁለት አኃዝ በማድረጉ ብቻ አንድ ሙሉ የማጣሪያ ክፍል ሳይጻፍ ቀረ። ፕሮግራም ሲዘገይባችሁ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት መረጃው የተቀመጠበትን መንገድ እዩት።

መብትን በተመለከተ ጥንቃቄ ልጨምር። "ሁልጊዜ እምቢ በሉ" እያልኩ አይደለም። ሰውየው እምቢ ያለው ገዢዎቹ የት እንዳሉ ስለሚያውቅ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቦርድ አላቸው፣ ሁሉም አንድ መጽሔት ያነባሉ። የሚደርስበትን ገበያ ያላወቀ ሰው ያንን 1,000 ዶላር ቢቀበል አልፈርድበትም። ውልን በተመለከተ ግን የቪዚካልክ ጭቅጭቅ ይበቃል። ምርቱ አሥር እጥፍ ቢያድግ ይህ ውል ምን ይሆናል ብሎ ሳይጠይቅ ማንም መፈረም የለበትም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሰውየው ኮዱን ከነማብራሪያው ሰጥቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙ ከማሽኑ በላይ ኖሯል። ዛሬም ኪም-1ን አስመስለው በተሠሩ ቦርዶች ላይ ይጫወቱታል። 6502ን በትንሹ ለተማረ ሰው በሁለት ቅዳሜ ተነብቦ ያልቃል። ከየት ልጀምር ለሚለኝ የምመክረው ጠጠሩን ከካሬ ወደ ካሬ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ፈረሱን ከሰሌዳው ጥግ አስነሱት። በስምንቱም አቅጣጫ ዝለሉ። ስድስቱ ላይ ትርፏ ቢት ትበራለች፣ ሁለቱ ላይ አትበራም።